መልስ፦ የሶፋ ትራስ ላይ ሩብ ክብ ሲሰፋ ለምን ይጨማደዳል?

የሚጨማደደው አቆራረጥሽ ተበላሽቶ አይደለም። ሩብ ክቡና እሱ የሚሰፋበት፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ የጎደጎደው ቁራጭ ሳይሰፉ ሲደራረቡ እኩል አይመጡም፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። የሚገጥሙት ስፌቱ መስመር ላይ እንጂ ጠርዙ ላይ አይደለም።

1. ሁለቱንም አጥፈሽ መሃላቸውን በጥፍርሽ ጫን በይና ምልክት አውጪ።

2. የጎደጎደውን ጠርዝ ብቻ በየ1 ሳንቲ ሜትሩ በመቀስ ጫፍ ቆረጥ ቆረጥ አድርጊው። የስፌት ትርፍሽ (ከስፌቱ መስመር እስከ ጠርዙ ያለው ጨርቅ) 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ቁርጡ 3 ሚሊ ሜትር ቢገባ ይበቃል።

3. መሃሉን፣ ቀጥሎ ሁለቱን ጫፎች፣ ከዚያ የቀረውን በስፒል አያይዢ። የጎደጎደው ከላይ ይሁን። ቀስ ብለሽ ስፊ፤ ስፒሉን መርፌው ሳይደርስበት ንቀዪ። ጨርቁ መሰብሰብ ሲጀምር መርፌው እንደተተከለ የመኪናውን እግር አንሺና በጣትሽ አቃኚው። ቁልፉ እዚህ ጋ ነው።

ስትተኩሺ ትርፉን ወደ ጎደጎደው ቁራጭ አጋድሚው። ካውያውን አትጎትቺ፣ ጫን አድርገሽ አንሺ፤ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ቶሎ ይለጠጣል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ መቀሱ የስፌቱን መስመር እንዳይነካ። ትራስ ሰው ይደገፍበታል፣ ልጆች ይጎትቱታል፤ መተርተር የሚጀምረው ከዚያችው ነጥብ ነው። ጨርቅሽ ስስ ከሆነ ከጀርባው አቡጀዲ ደርቢበት።