የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሜልበርን ለመኖር ስንት ይበቃል?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ከተማ ናቸው፤ ስለ ሜልበርን። ከኮዬ ፈጬ፣ ከአያት፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎ፣ ከጀሞና ከሱሉልታ የጻፉልን ልጅ የሚልኩ ወይም ራሳቸው ለመሄድ የተነሱ ሰዎች ናቸው። ከመልሶቹ በፊት አንድ ነገር እንያዝ። እዚህ ገጽ ላይ «ዶላር» ያልነው ሁሉ የአውስትራሊያ ዶላር ነው። ከአሜሪካው ያነሰ ዋጋ ስላለው በአሜሪካ ዶላር ምንዛሪ ያሰሉ አንባቢዎቻችን ከልክ በላይ ደንግጠዋል። ባንክ ሰሌዳ ላይ ሁለቱ በየራሳቸው መስመር ነው የሚጻፉት። ብር ደግሞ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚተመን የዛሬ ስሌት ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። በጀቱን በአውስትራሊያ ዶላር አውጡት፤ ወደ ብር የምትመልሱት ገንዘቡን በምትልኩበት ቀን ይሁን።

ጥያቄ፦ ልጄ ሜልበርን ትምህርት አግኝታለች። ለቪዛው 29,710 ዶላር አሳዩ ተብለናል። ይህ ገንዘብ ዓመቱን ያደርሳታል ወይስ ሌላ መጨመር አለብን? (እናት፣ ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ እናታችን፣ እንኳን ደስ ያለዎት። 29,710 ዶላር የአውስትራሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከሜይ 10 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ ተማሪ የ12 ወር መኖሪያ ብሎ የቆረጠው ነው። የትምህርት ክፍያው፣ የአውሮፕላን ትኬቱ፣ የቪዛ ማመልከቻውና የጤና መድኑ እዚህ ውስጥ የሉም። ማመልከቻው ብቻ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ወዲህ 2,000 ዶላር ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። የጤና መድኑም ቪዛው የሚቆይበትን ዘመን በሙሉ መሸፈን ስላለበት አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው በአንድ ላይ ይከፈላል።

አሁን 29,710ን ለ52 ሳምንት ያካፍሉት፤ በሳምንት 571 ዶላር ገደማ ይደርሳታል። በሳምንት ማስላት ይልመዱ፤ እዚያ ኪራይ የሚነገረው በሳምንት ነው። ልጅዎ በምዕራቡ የከተማው ክፍል፣ ለምሳሌ ሰንሻይን አካባቢ፣ ከሌሎች ጋር በጋራ ቤት አንድ ክፍል ብትይዝ እንዲህ እንገምታለን፦ ኪራይ 250፣ የመብራት፣ የጋዝና የኢንተርኔት ድርሻ 25፣ ራሷ አብስላ ከበላች ምግብ 100፣ በሳምንት አምስት ቀን ከተመላለሰች ትራንስፖርት 55፣ ስልክ 8፣ ለሳሙና፣ ለልብስ፣ ለመድኃኒትና ላልታሰበ ነገር 35። ድምሩ 473 ዶላር ነው። መሃል ከተማ ብቻዬን ልኑር ካለች ግን ኪራዩ ብቻውን ይህን ሁሉ ሊበላው ይችላል። ስልኩን በተመለከተ አንድ ማስታወሻ፦ የቅድመ ክፍያ ጥቅሎች አብዛኞቹ የ28 ቀን ስለሆኑ በዓመት የምትከፍለው 13 ጊዜ ነው፤ እንደ እኛ አቆጣጠር ማለት ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ በእውነት ካለ ዓመቱን ያደርሳታል። የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ወር ነው። የአንድ ወር ቅድሚያ ኪራይ 1,086 (ስሌቱ ከታች አለ)፣ ለጉዳት መያዣ ተሰጥቶ ሲወጡ የሚመለሰው የቤት ማስያዣ እስከ 1,086፣ ያገለገለ አልጋና ፍራሽ 250 ገደማ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስትና ሳህን 200፣ ምግብ ከዘይትና ከጨው ጀምሮ ሁሉም አዲስ ስለሚገዛ 500፣ ትራንስፖርትና ሲም ካርድ 256። ይህ 3,378 ዶላር ነው። ቤት እስክታገኝ የምታድርበትን ሲጨምሩ 4,000 ይደርሳል። በተማሪ ቪዛ ደግሞ ትምህርቱ ሳይጀመር ሥራ መሥራት አይፈቀድም፤ ከተጀመረም በኋላ ሥራ ለማግኘት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ሁለተኛውን ወር ያለ ደመወዝ ታሳልፋለች ብለው ያስቡና አራት ሳምንት በ473 ሲያባዙት 1,892 ይመጣል። እንግዲህ ልጅዎ ስትገባ 6,000 ዶላር ያህል ወዲያው ልታወጣው የምትችለው ገንዘብ ያስፈልጋታል።

ከዘመድ ተሰብስቦ ሂሳብ ውስጥ ገብቶ፣ ቪዛው ሲመጣ ለባለቤቶቹ የሚመለስ ገንዘብ እንዳለ እናውቃለን። እባክዎ ይህን አያድርጉ። ወረቀቱ ቢያልፍ እንኳ ልጅቷ በሦስተኛው ሳምንት ኪራይ መክፈል ያቅታታል፤ ያኔ የተገኘውን ሥራ በተገኘው ክፍያ ትይዛለች፣ ትምህርቷም ይጎዳል።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም የተዋወቅሁት ሰው ፉትስክሬይ በሚባል የሜልበርን ሰፈር ውስጥ ክፍል በሳምንት 180 ዶላር አለ ብሎ ፎቶ ላከልኝ። «እንዳይወሰድብህ 700 ዶላር አስቀድመህ ላክ» ይላል። ልላክ? (ተጓዥ፣ ከአያት)

መልስ፦ ወንድማችን፣ አይላኩ። ቤቱን እርስዎ ወይም የሚያምኑት ሰው ገብቶ ሳያየው፣ ውሉ ሳይፈረም አንድ ዶላር አይውጣ። ከአካባቢው ዋጋ ዝቅ ያለ ኪራይ፣ ጥድፊያና ባለቤቱ «አገር ውስጥ የለሁም» ማለቱ አንድ ላይ ከመጡ ነገሩ ማጭበርበር ነው ብለው ይነሱ።

ሜልበርን ያለችበት የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ሕግ ለተከራይ ጥሩ ከለላ ይሰጣል። ኪራዩ በሳምንት 900 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ማስያዣው ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ገንዘቡም አከራዩ ኪስ ውስጥ አይቀመጥም፤ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ለክፍለ ግዛቱ የቤት ማስያዣ ባለሥልጣን ገቢ መሆን አለበት። ገቢ ሲሆን ደረሰኝ ይመጣል። ደረሰኙ ካልመጣ ዝም አይበሉ፤ ባለሥልጣኑን ራሱን ይጠይቁ። በጋራ ቤት ውስጥ ከሚኖር የአገር ልጅ ክፍል ሲይዙም ይህንኑ ያድርጉ፤ ወንድማማችነት ደረሰኝን አይተካም።

በስሌት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። በሳምንት 250 ሲባል በአራት አባዝቶ «በወር 1,000» ይላል። የወር ኪራይ የሚሰላው የሳምንቱ ለ7 ተካፍሎ፣ በ365 ተባዝቶ፣ ለ12 ተካፍሎ ነው፤ 1,086 ዶላር ከ31 ሳንቲም ይሆናል። ልዩነቱ በዓመት ከ1,000 ዶላር በላይ ነው።

ሲገቡ የቤቱን ይዞታ የሚዘረዝር ቅጽ ይሰጥዎታል። በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ሞልተው መመለስ አለብዎት። ምንጣፉ ላይ ያለውን እድፍ፣ ምድጃው ውስጥ ያለውን ቅባት፣ የተሰነጠቀ መስኮት፣ መታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ላይ ያለውን ሻጋታ አንድ በአንድ ይጻፉ፣ ቀኑ በሚታይ ፎቶ ያንሱ። ሲወጡ ማስያዣው የሚቀነሰው በእነዚህ ሰበብ ነው። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት እዚያው አገር ውስጥ 131 450 ደውለው «አማርኛ» ይበሉ፤ የመንግሥት የስልክ አስተርጓሚ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጋ ልሄድ ነው። ምጣዴን፣ ሁለት ኪሎ ቅቤ፣ ቋንጣ፣ በርበሬና ሽሮ ልይዝ አስቤአለሁ። ወጪ ይቀንስልኛል አይደል? (ከሰበታ)

መልስ፦ እህታችን፣ በርበሬውን ያዢ፤ ምጣዱን ተዪው።

እኛ ቤት የምንጋግርበት ምጣድ ብዙ ጊዜ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። የአውስትራሊያ ተራ ሶኬት 10 አምፔር ነው፤ በ230 ቮልት 2,300 ዋት ማለት ነው። ሶኬቱ ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ስላለው ሰው መቀየሪያ ገዝቶ ይሰካና ሠራ ይላል። መቀየሪያው ግን የሶኬቱን አቅም አይጨምርም። ዕድለኛ ከሆንሽ ቆጣሪው ጋ ያለው ማቋረጫ ይወርዳል፤ ካልሆነ መቀየሪያው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ግድግዳው ይጠቁራል። ለምጣዱ የሚሆን የተለየ መስመር ማስገባት ይቻላል፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ብቻ ነው፣ በኪራይ ቤት ደግሞ የአከራዩ ፈቃድ ይጠይቃል። የሚሻለው ከ2,300 ዋት በታች የሆነ ክዳን ያለው የኤሌክትሪክ መጥበሻ ወይም ምድጃ ላይ የሚጣድ የማይዝ ሰፊ መጥበሻ ነው። እንጀራው ያንሳል እንጂ ዓይኑ ይወጣል። ጤፍ ዱቄትም ሆነ የተጋገረ እንጀራ ፉትስክሬይ ካሉ የሐበሻ ሱቆች ይገኛል። ዱቄቱ ውድ ስለሆነ ብዙዎች ከሩዝ ወይም ከስንዴ ዱቄት ጋር ይቀይጡታል። በክረምት ሊጡ ቶሎ አይቦካም፤ ሙቀት ያለበት ቦታ አስቀምጠሽ አንድ ሁለት ቀን ጨምሪለት።

ቅቤና ቋንጣ አይገቡም። የከብት በሽታ እንዳይገባባቸው ከእኛ አገር የሚመጣ የወተት ተዋጽኦና ሥጋ ይከለክላሉ። ቅቤውን እዚያ ጨው የሌለበት ገዝተሽ አንጥሪው፤ ኮረሪማውንና ሌላውን ቅመም ተፈጭቶና ታሽጎ ከዚህ ያዢ። በርበሬ፣ ሽሮና ተቆልቶ የተፈጨ ቡና በደንብ የታሸጉ፣ ነፍሳትና ጥሬ ዘር የሌለባቸው ይሁኑ። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ አውሮፕላን ላይ በሚሰጥሽ ቅጽ «ምግብ ይዘሻል ወይ?» ለሚለው «አዎ» በዪ። ከእንጨት ለተሠራ ረከቦትና ሙቀጫ፣ ከአክርማ ለተሰፋ ሞሰብም እንዲሁ። አስመዝግበሽ የማይፈቀድ ቢሆን ዕቃው ይወሰዳል እንጂ አትቀጪም። ደብቀሽ ከተገኘ ግን ቅጣቱ በሺህ ዶላሮች የሚቆጠር ነው፣ ቪዛም ሊያሰርዝ ይችላል። ለሁለት ኪሎ ቅቤ ያን ሁሉ መንገድ ማበላሸት አይገባም።

ጋቢ ግን ያዢ። ሁለት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ «እየሠራሁ የትምህርቴን እከፍላለሁ» ይለኛል። ይቻላል? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ አይቻልም፤ ይህን ዛሬውኑ ብትነጋገሩበት ይሻላል። ትምህርት ክፍት በሆነበት ወቅት ተማሪ መሥራት የሚፈቀድለት በ14 ቀን 48 ሰዓት ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የአዋቂ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 24 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነው፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ያነሰ ሊሆን ይችላል። በሳምንት 24 ሰዓት ሲሠራ ከግብር በፊት 599 ዶላር ገደማ ያገኛል። ከላይ ካሰላነው 473 ጋር ሲተያይ መኖሪያውን ይሸፍናል፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ ተማሪ በዓመት ከ30,000 ዶላር በላይ ስለሚያስከፍሉ ለትምህርቱ የሚበቃ ግን አይተርፍም። ሰዓቱን ካለፈ ቪዛውን ሊያጣ ይችላል። በዕረፍት ወቅት ገደቡ ስለሚነሳ ያኔ ማጠራቀም ይችላል።

እንደደረሰ የግብር ቁጥር ከግብር መሥሪያ ቤቱ በነጻ ያውጣ። ቁጥሩን ለአሠሪው ካላስመዘገበ ደመወዙ በከፍተኛው መጠን ይቆረጣል። ደመወዝ በተከፈለ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ የክፍያ ዝርዝር ወረቀት ሊሰጠው ይገባል። «በእጅ እከፍልሃለሁ» ወይም «የነጋዴ ቁጥር አውጣና እንደ ተቋራጭ ሥራ» የሚል አሠሪ ዝቅተኛውን ክፍያና 12 በመቶውን የጡረታ መዋጮ እያስቀረበት ነው። መዋጮው የእርሱ ገንዘብ ነው፤ አገሩን ጠቅልሎ ሲወጣ ግብሩ ተቀንሶ ሊጠይቀው ይችላል።

ጥያቄ፦ ከጀሞ መገናኛ ድረስ ታክሲ መቀያየር ለምጃለሁ። እዚያ ትራንስፖርት እንዴት ይከፈላል? (ከጀሞ)

መልስ፦ ባቡር፣ ትራምና አውቶቡስ በአንድ ካርድ ነው፤ ማይኪ ይባላል፣ ካርዱ 6 ዶላር ነው። በ2025 ታሪፍ የሁለት ሰዓት ጉዞ 5 ዶላር ከ50፣ የቀኑ ጣሪያ 11 ዶላር ነበር፤ በየጃንዋሪው ሊጨምር ይችላል። ስንት ጊዜ እንደቀየርክ አይቆጠርም፣ ሰዓቱ እንጂ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የሁለት ሰዓቱ ክፍያ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ያገለግላል። መሃል ከተማ ባለው ነጻ ቀጠና በትራም ለመሄድ ካርድ አያስፈልግም፤ ከቀጠናው ከወጣህ ግን ካርድህን ማንበቢያው ላይ ሳታስነካ አትቀመጥ፣ ተቆጣጣሪ አለ።

ጥያቄ፦ እኛ ብርድ ለምደናል። የሜልበርን ክረምት ያን ያህል ነው? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ብርዱን ትችሉታላችሁ፤ የሚከብደው ሂሳቡ ነው። ክረምታቸው ከጁን እስከ ኦገስት ነው፣ ብዙ የቆዩ ቤቶችም ሙቀት አይይዙም። ርካሿ ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ትበላለች። ኪሎዋት ሰዓቱ 30 ሳንቲም ቢሆን፣ በቀን አምስት ሰዓት ሲበራ 3 ዶላር፣ ለሦስት ወር 270 ዶላር ነው። ያም ለአንድ ክፍል ብቻ። ግድግዳ ላይ የሚገጠመው፣ አየር የሚያቀዘቅዘውና የሚያሞቀው ማሽን ለተመሳሳይ ሙቀት በጣም ያነሰ ይበላል። በቪክቶሪያ ሕግ የኪራይ ቤት ሳሎን የተገጠመ የሚሠራ ማሞቂያ ሊኖረው ስለሚገባ ቤት ስታዩ አስበርታችሁ እዩት። ወፍራም ካፖርት ከዚህ ገዝታችሁ አትሂዱ፤ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚሸጡበት ያገለገለ ልብስ ቤት በየሰፈሩ አለ።