ሐኪም ሳትሆኚ የአንጎል ጉዳት ማጥናት ትችያለሽ

እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ስድስት ኪሎ የሳይኮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ነሽ። ታላቅ ወንድምሽ መኪና ገጭቶት፣ ጭንቅላቱን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ከሆስፒታል ወጥቷል። እጅ እግሩ ደህና ነው፤ ግን ይረሳል፣ በትንሹ ይቆጣል፣ የጀመረውን አይጨርስም። አንቺ የኒውሮሳይኮሎጂ፣ ማለትም አንጎልና ጠባይ እንዴት እንደሚገናኙ የሚያጠናው ሙያ፣ ተመራማሪ መሆን አምሮሻል፣ አባትሽ ደግሞ «ሐኪም ያልሆነ ሰው አንጎል ላይ ምን ሥራ አለው?» ይላሉ።

ሥራማ ሞልቷል። ቀዶ ሐኪሙ ነፍስ ያተርፋል፣ ሲቲ ስካኑ የፈሰሰ ደም ያሳያል። ወንድምሽ መርካቶ ሱቁ ተመልሶ ለደንበኛ መልስ ሳያሳስት መስጠት መቻሉን ግን የትኛውም ማሽን አይናገርም። በመኪና አደጋ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። እሱ ሲጎዳ ሰው እየሄደ፣ እያወራ፣ እየሳቀም ቢሆን ማቀድና ራሱን መግታት ሊያቅተው ይችላል። ቤተሰብ «ጠባዩ ተበላሸ» ብሎ ይወቅሰዋል። ይህን መለካት፣ ከዚያም በምን እንደሚታገዝ መፈተሽ የኒውሮሳይኮሎጂ ተመራማሪ ሥራ ነው።

አንድ ጥናት ልንገርሽ። ቲም ሻሊስና ፖል በርጀስ የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡት ነው። የግንባር አንጎላቸው የተጎዳ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የወረቀት ፈተናውን በደህና ነጥብ ያልፋሉ፣ ኑሯቸው ግን አልሄድ ብሏል። ተመራማሪዎቹ ሰዎቹን ገበያ መንገድ ላይ አሰማሯቸው፦ ይህን ግዙ፣ ያንን ጠይቃችሁ ኑ፣ ገንዘብ ቆጥቡ የሚሉ ትንንሽ ሥራዎችና ጥቂት ደንቦች ሰጥተው። ፈተና ክፍል ውስጥ ያልታየው ችግር መንገድ ላይ ፍጥጥ ብሎ ወጣ። እስቲ አራት ኪሎ ላይ አስቢው፦ ዳቦ ግዛ፣ የመገናኛ ታክሲ ስንት እንደሆነ ጠይቅ፣ አንድ ሱቅ ሁለት ጊዜ አትግባ። አንዱ ዳቦውን ገዝቶ፣ ታክሲውን ረስቶ፣ እዚያው ሱቅ ተመልሶ ይገባል። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ከዚህ የተሻለ መነሻ አይታየኝም።

እኛ ዘንድ ዋናው ጣጣ መለኪያው ራሱ ነው። አብዛኛው ፈተና የተሠራው ለሌላ አገር ሰው ነው። በኤፍ፣ በኤ፣ በኤስ የሚጀምሩ ቃላት ለየፊደሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጥሪ የሚል የታወቀ ፈተና አለ። ወደ አማርኛ ስናመጣው በ«ሰ» ስንል በ«ሱ» እና በ«ሲ» የሚጀምረውስ ይቆጠራል ወይ? ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ እናትስ በሌላ ፈተና የሰዓት ሥዕል ወረቀት ላይ ይሳሉ ተብለው ቢያቅታቸው ጉዳቱ ነው ወይስ እርሳስ አለመያዛቸው? ጤነኛው የአዲስ አበባ ሰው፣ የተማረውም ያልተማረውም፣ በየዕድሜው ስንት እንደሚያመጣ ካልታወቀ የታማሚው ነጥብ ባዶ ቁጥር ነው። ይሄ ሥራ ቋንቋውንና ሳይኮሎጂውን አንድ ላይ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ ስለዚህ በምንም ዓይነት ዲፓርትመንት እንዳትቀይሪ።

መንገዱን ባጭሩ፦ ስታቲስቲክስን አትሽሺው፣ ማስተርስሽን በክሊኒካል ሳይኮሎጂ አስቢ፣ ለዶክትሬት ምናልባት ከአገር መውጣት ይመጣል። «ኒውሮሳይኮሎጂስት እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ስትጠብቂ እንዳታረጂ። ሰው እዚህ ሙያ የሚገባው በመምህርነት፣ በሆስፒታል ሳይኮሎጂስትነት ወይም በሌላ ሰው ጥናት ላይ መረጃ በመሰብሰብ ነው፤ ደሞዙም መጀመሪያ ላይ አያጓጓም። አሁን ግን አማካሪሽን የትብብር ደብዳቤ አስጽፊና ጥቁር አንበሳ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ለመታዘብ ጠይቂ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ጊዜ ይፈጃል፣ ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ጀምሪው። ያለ ፈቃድ አንድም ታካሚ እንዳትጠይቂ።

ወንድምሽን የጥናትሽ ሰው አታድርጊው፤ ለሱ እህት ነሽ። ስልኩ ላይ አላርም ሙይለት፣ አንድ ሥራ ሳይጨርስ ሌላ አትዘዙት፣ የቀኑን ጉዳይ የሚጽፍበት ደብተር ኪሱ ይኑር። የክትትል ቀጠሮው ላይ ደግሞ አብረሽው ግቢና የጠባዩን ለውጥ ለሐኪሙ ንገሪ፤ ሰው ራስ ምታቱን ብቻ ተናግሮ ይወጣል።