ወንበር ደርዳሪ ሆኜ ቀረሁ ላልሽው ተማሪ

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የሦስተኛ ዓመት የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ዩኒቨርሲቲያችን በሚያዘጋጃቸው የሕዝብ ጉዳዮች ውይይቶች ላይ ሁለት ዓመት በበጎ ፈቃድ ሠርቻለሁ። ወንበር እደረድራለሁ፣ እንግዳ እመዘግባለሁ፣ ማይክ አዞራለሁ። ስመረቅ በሕዝብ ግንኙነት ወይም በፖሊሲ ሥራ መቀጠር እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ጊዜሽን እያባከንሽ ነው ይሉኛል። ልተወው? ካልተውኩትስ ሲቪዬ ላይ ምን ብዬ ልጻፈው?»

አትተዪው። እስካሁን በሠራሽበት መንገድም አትቀጥዪ። ጓደኞችሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ዘንድሮም ያንኑ ማይክ እያዞርሽ ከሆነ ከአምናው የጨመርሽው ነገር የለም።

ማይኩን ግን አትናቂው። እኔን ብትጠይቂኝ ከአዳራሽ ሥራ ሁሉ ብዙ የሚያስተምረው እሱ ነው። ማይክ የያዘ ሰው ማን ደጋግሞ እጁን እንደሚያወጣ፣ ማን አውጥቶ እንደሚመልስ ያያል። «ጥያቄ አለኝ» ብሎ ተነሥቶ አሥር ደቂቃ ንግግር የሚያደርገውንም ታውቂዋለሽ፤ የሌለበት አዳራሽ አላጋጠመኝም። በሚቀጥለው ውይይት ይህን ጻፊው። ስንት ሰው ጠየቀ? ከግቢ ውጭ የመጣው ስንቱ ነው? የትኛው ጥያቄ ሳይመለስ ታለፈ? በማግሥቱ አንድ ገጽ አድርገሽ ለአስተባባሪው ክፍል ስጪ። ከዝግጅት በኋላ ብዙ ቢሮ ውስጥ የሚቀረው የተሳታፊ ቁጥርና ፎቶ ብቻ ነው። ያለቀውን ውይይት በአንድ ገጽ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ለቀጣዩ ዝግጅት የዕቅድ ስብሰባ ላይ ቢጠራ አይገርምም።

ወደ ስብሰባው ከገባሽ ከራስጌ እስከ ግርጌ ያንቺ የሆነ አንድ ሥራ ጠይቂ። ለአወያዩ የሚሰጠውን ማስታወሻ ማዘጋጀት ጥሩ መነሻ ነው፦ ተናጋሪዎቹ ቀደም ብለው ምን እንዳሉ፣ የት እንደማይስማሙ፣ ምን ቢጠየቁ ውይይቱ እንደሚከፈት። የፖሊሲ ጀማሪ ባለሙያ ሲቀጠር ከሚሰጠው ሥራ ብዙው ይህን ይመስላል።

አንድ ጥንቃቄ። አንዳንድ ዝግ ውይይቶች የሚካሄዱት «በቻተም ሃውስ ደንብ» ነው። ስሙን ለንደን ካለው የጥናት ተቋም ከቻተም ሃውስ ያገኘና እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ ሲሆን፣ የሰማሽውን ሐሳብ እንድትጠቀሚበት ይፈቅዳል፤ ማን እንደተናገረው፣ የየትኛው ድርጅት ሰው እንደሆነና ሌላ ማን እንደተገኘ መግለጽን ግን ይከለክላል። ከእንዲህ ዓይነት ክፍል አንድ ፎቶ የለጠፈች በጎ ፈቃደኛ የሁለት ዓመት እምነት በአንድ ምሽት ታጣለች።

አሁን ወደሚከብደው። ግብዣው ላይ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» ተብሎ ይጻፋል፤ አዳራሹን የሚሞላው ግን ተማሪ ነው። እኔም በአንድ ወቅት ስለ አካባቢው ነዋሪዎች ውይይት አዘጋጅቼ ነበር። አዳራሹ ጢም አለ፣ ፎቶው አማረ፣ ከነዋሪዎቹ የመጣ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ያስተዋልኩት ወንበር ስናነሣ ነው። አሜሪካዊቷ ሸሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 የዜጎችን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል አስቀምጣዋለች። ሰዎችን ማሳወቅ ሦስተኛው እርከን ላይ ነው፣ ማማከር አራተኛው፣ በአጋርነት አብሮ መወሰን ስድስተኛው። የእኔ ዝግጅት ሦስተኛውም ላይ አልደረሰም፤ መረጃው ሊደርሰው የሚገባው ነዋሪ አዳራሹ ውስጥ አልነበረማ። የእናንተስ? ርእሱ ከመመረጡ በፊት ጉዳዩ የሚነካቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄዶ «ምን መጠየቅ ትፈልጋላችሁ?» ማለት በጀት አይፈልግም። ሰዓቱንም ጠይቂያቸው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የተጠራ ስብሰባ ሠራተኛ ሰው አይመጣበትም።

ሲቪውን በተመለከተ «በተለያዩ ዝግጅቶች ላይ በንቃት ተሳትፌአለሁ» የሚለውን አውጪው፤ ቀጣሪ ዓይኑ ሳያርፍበት ያልፈዋል። በምትኩ እንዲህ በይ፦ «በስድስት የሕዝብ ውይይቶች የጥያቄና መልስ ክፍለ ጊዜ አስተባብሬአለሁ፤ ያልተመለሱ ጥያቄዎችን መዝግቤ ለአዘጋጁ ክፍል በጽሑፍ አቅርቤአለሁ።» ስድስት ያልኩት ለምሳሌ ነው፣ ያንቺን እውነተኛ ቁጥር ጻፊ። ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ የተሳካውን ብቻ ይዘሽ አትግቢ። ተናጋሪው የቀረበትን ወይም መብራት የጠፋበትን ቀን፣ አንቺም ያን ሰዓት ምን እንዳደረግሽ ተዘጋጅተሽ ሂጂ።

እንግዶቹን በተመለከተ፣ በር ላይ ሲቪ አታቀብዪ። በማግሥቱ ከተናገሩት አንዱን ነገር አንሥተሽ በኢሜይል አጭር ጥያቄ ላኪ። መልስ የሚሰጠው ጥቂቱ ነው፤ እሱ ይበቃል።

የፈተና ሳምንት ላይ ዝግጅት ከገጠመሽ ቅሪ። ውጤትሽ ከወረደ ይህን ሁሉ የሚያነብልሽ አይኖርም። ለሚቀጥለው ውይይት ግን ከአሁኑ አስተባባሪውን «የአወያዩን ማስታወሻ እኔ ላዘጋጅ?» በዪው። እምቢ ካለሽም አዘጋጅተሽ ላኪለት።