ጣይቱ፦ ከፀሐይ ወይስ ከ«መጣል»?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሱሉልታ ነው። ለአራስ ልጃችን ጣይቱ የሚል ስም አስበናል። አንድ ጎረቤታችን ግን «ጣይ ማለት የሚጥል ነው፤ ስሙ ገድ የለውም» አሉን። እውነት ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ለእናትየዋ እንኳን ማርያም ማረችሽ በሉልኝ። ስሙንም እንዳትተዉት።

ጎረቤታችሁ ያሉት «ጣይ» በእርግጥ አለ። «እንቁላል ጣይ ዶሮ» እንል የለ? እሱ «ጣለ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። የልጃችሁ ስም ግን ከዚያ ጋር ዝምድና የለውም። እዚህ ጣይ ማለት ፀሐይ ናት።

ገጠር ያደጉ አዛውንቶች ሲያወሩ ልብ ብላችሁ ስሙ። ጸሎትን ጠሎት፣ ጾምን ጦም ይላሉ። «ጸ» እና «ፀ» በአፋቸው «ጠ» ይሆናሉ። ቃል መሐል ያለች «ሐ» ደግሞ በአማርኛ ብዙ አትቆይም፤ ባሕር ዛፍን ባርዛፍ የምንለው ለዚህ ነው። ሁለቱ ለውጦች አንድ ቃል ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን እዩ፦ የግእዙ «ጸሐፈ» ጻፈ ሆነ፤ በእነዚያ አዛውንቶች አፍ ደግሞ ጣፈ። ፀሐይም በዚያው መንገድ ጣይ ሆነች። «በርበሬውን ጣይ ላይ አስጡት» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ያቺው ናት።

«ቱ»ንም ታውቋታላችሁ። ልጂቱ፣ ሀገሪቱ፣ ዘውዲቱ የምንልባት ናት፤ አንስታይ ስምን ለይታ ታሳያለች። ፀሐይ በአማርኛ ወጣች፣ ጠለቀች ስለምትባል «ቱ» በደንብ ትስማማታለች። ጣይቱ ማለት እንግዲህ ፀሐይቱ፣ ፀሐይዋ ማለት ነው። እንዴት ያለ የሚያምር ስም ነው!

እቴጌ ጣይቱ ብጡል «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» ይባሉ ነበር። ማዕረጉ ከስማቸው ጋር እንዴት እንደሚገጥም ተመልከቱ። ለእናንተ ደግሞ ሩቅ ሰው አይደሉም። ከሱሉልታ ወደ ከተማ ስትመጡ የምታቋርጡት እንጦጦ መናገሻቸው ነበር፤ በ1910 ዓ.ም ያረፉትም እዚያው ነው። አዲስ አበባንም አዲስ አበባ ያሏት እሳቸው ናቸው።

ለልደት ምስክር ወረቀት ስታስመዘግቧት «ጣይቱ» ብላችሁ አስጽፉ። «ጠሐይቱ» ብሎ የሚጽፍም አለ። ስሕተት አይደለም፤ የቃሉን ሥር ያሳያል። ሰው ሁሉ የለመደው ግን «ጣይቱ»ን ነው፤ ልጅቷም በየቢሮው «በየትኛው ሐ?» እየተባለች አትጉላላም።