የመጭመቂያ ካልሲ በጫማ ቁጥር አይገዛም

እኅታችን ከኮምቦልቻ የጠየቅሽው፣ እናትሽ ማታ ማታ እግራቸው ስለሚያብጥ የመጭመቂያ ካልሲ ልትገዢላቸው አስበሽ፣ የጫማ ቁጥራቸው 38 ስለሆነ ሚዲየም ይበቃቸው እንደሆነ ነው። አብሽሪ፤ እኔም ደሴ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ሳስተምር የባቴ ደም መልሶች አብጠውብኝ ይህንኑ ስሕተት ሠርቻለሁ።

የመጀመሪያውን ካልሲ የገዛሁት በጫማ ቁጥሬ ነበር፤ ሻጩ ልኬን አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተለካሁም። ቁርጭምጭሚቴ ቀጭን፣ ባቴ ደግሞ ወፍራም በመሆኑ ካልሲው ታች ላልቶ፣ ከጉልበቴ ሥር ግን እየተጠቀለለ እንደ ገመድ ያስረኝ ስለነበር፣ ማታ ሳወልቀው እግሬ ከበፊቱ ብሶ አብጦ አገኘው ነበር። ትክክለኛው ካልሲ አብልጦ የሚጨምቀው ቁርጭምጭሚትን ነው፤ ወደ ላይ በወጣ መጠን ግፊቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ታች የተጠራቀመው ደም ወደ ልብ እንዲመለስ ያግዛል። የእኔው ሥራውን ገልብጦት ነበር።

ስለዚህ ጠዋት፣ እግራቸው ሳያብጥ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኪያቸው፦ ቁርጭምጭሚታቸውን ከአጥንቱ በላይ ቀጭኑ ቦታ ላይ፣ ባታቸውን ወፍራሙ ቦታ ላይ፣ ቁመቱን ደግሞ ከተረከዝ እስከ ጉልበት መታጠፊያ። ሁለቱም እግሮች ይለኩ፣ እኩል ላይሆኑ ይችላሉና። ልኩን ካርቶኑ ላይ ካለው ሠንጠረዥ ጋር አስተያዪው፤ የአንዱ ፋብሪካ ሚዲየም ለሌላው ላርጅ ሊሆን ይችላል።

ግፊቱ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይጻፋል። ለድካምና ለቀላል እብጠት ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ያለው ይበቃል፤ ደም ሥሩ ጎልቶ ለወጣና እብጠቱ ለጠና ከ20 እስከ 30 ያለው በሐኪም ምክር ይታዘዛል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ያለ ሐኪም አትንኪው። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ተኝቶ ሳለ የሚያደርገው ነጩ ካልሲ ለሚንቀሳቀስ ሰው የተሠራ አይደለም።

ከግዢው በፊት ግን ሐኪም የእግራቸውን የደም ቅዳ ምት ይይላቸው። ደም ቅዳው የጠበበ ከሆነ፣ በተለይም ስኳር ካለባቸው ወይም ሲሄዱ ባታቸውን እያመማቸው ሲያርፉ የሚተዋቸው ከሆነ፣ ጭመቃው ሊጎዳቸው ይችላል። የሁለት እግር እብጠት ከልብ ወይም ከኩላሊትም ሊመጣ ይችላል። አንዱ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ከሞቀና ካመማቸው ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል፣ ካልሲውን ትተሽ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰጃቸው።

አለባበሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። እስከ ተረከዙ ገልብጠሽ እግራቸውን አስገቢና ቀስ እያልሽ ወደ ላይ አንሺው፤ የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት ብታደርጊ ጨርቁን በደንብ ይይዝልሻል። የላይኛው ጫፍ ፈጽሞ አይታጠፍ። ሐኪም ካላዘዘ በቀር ማታ ይውለቅ። እናቴን ያስቸገራት ውዱእ፣ ማለትም ከሶላት በፊት ያለው መታጠብ ነበር፤ በእርጥብ እግር ካልሲው አልወጣ ስላላት፣ በፎጣ ጥሩ አድርጋ ታደርቅና ከአስር (ከቀትር በኋላ ከሚሰገደው) ሶላት በኋላ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ጥቂት ካረፈች በኋላ ታደርገው ነበር። በካልሲ ላይ ማበስን በተመለከተ የሰፈራችሁን ሸኽ ጠይቂ።

የኮምቦልቻ ሙቀት ከደሴ ስለሚበረታ ስስ ጨርቅ ያለውን ምረጪላቸው። ሁለት ጥንድ ግዢ፤ አንዱ በለብ ያለ ውሃ ታጥቦ ጥላ ላይ ሲደርቅ ሌላውን ያደርጋሉ። በየቀኑ የሚለበስ ካልሲ ከስድስት ወር በኋላ እየላላ ስለሚሄድ፣ ያኔ እንደገና ለክተሽ ቀይሪላቸው።