እናቴን ወደ ዩንግፍራውዮኽ ልውሰዳት ወይስ ይቅርብን?

ጥያቄ፦ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ከተማ መኖር ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። እናቴ ከሦስት ሳምንት በፊት ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታለች፤ ዕድሜዋ 64 ሲሆን የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። በነሐሴ ወር ወደ ስዊዘርላንድ ሄደን፣ ኢንተርላከን ካደርን በኋላ በማግስቱ በባቡር በአልፕስ ተራሮች ላይ ወዳለው ዩንግፍራውዮኽ ወጥተን ለመመለስ አስበናል። ጓደኞቼ ግን «ከፍታው ያሳምማታል» እያሉ አስፈራሩኝ። በእርግጥ ያሰጋታል? ቀኑንስ እንዴት ብናውለው ይሻላል?
ሐ.፣ ከሽቱትጋርት

መልስ፦ ጓደኞችዎ የሰጉት ለእናትዎ ነው፤ እኛ ግን በቅድሚያ የምንሰጋው ለእርስዎ ነው። የዩንግፍራውዮኽ ባቡር ጣቢያ ከባሕር ወለል በላይ 3,454 ሜትር ላይ የሚገኝ፣ በአውሮፓ ካሉት ጣቢያዎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። እናትዎ የሚኖሩባት አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ከመሆኗም በላይ፣ እንጦጦ ድረስ ወጥተው የሚያውቁ ከሆነ ልዩነቱ ከጥቂት መቶ ሜትር አይበልጥም። እርስዎ በአንጻሩ የለመዱት የሽቱትጋርትን ዝቅተኛ ቦታ ነው። ሰውነት ለከፍታ ያዳበረው ልምድ ከቦታው ሲርቁ በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ስለሚሄድ «እኔም የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ» ማለት ብዙም አያዋጣም፤ እናትዎም ቢሆኑ በዚህ ቆይታቸው ጥቂት ሳይቀንስባቸው አልቀረም።

በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ደረጃ ሲወጡ ማለክለክና ቀለል ያለ ማዞር የተለመደ ነው። የከፍታ ሕመም የሚባለው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከበርካታ ሰዓታት በኋላ በመሆኑ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቆይቶ የሚወርድ ጤነኛ ሰው ለከባድ ሕመም እምብዛም አይጋለጥም። ከሁለት አንዳችሁ ሕመም ከተሰማችሁ ግን «ጥቂት ልረፍና ይተወኛል» ሳትሉ በሚቀጥለው ባቡር ውረዱ። በመድኃኒት በሚገባ የተስተካከለ የደም ግፊት በራሱ ጉዞውን አይከለክልም፤ ሆኖም ከፍታ ላይ ግፊቱ ሊጨምር ስለሚችል አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ፣ በዕለቱም መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለባቸው ደግሞ ሐኪም ሳይፈቅድ አይውጡ።

መንገዱን በተመለከተ፣ በግሪንደልቫልድ በኩል በ2020 (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረው አይገር ኤክስፕረስ የተባለው ኬብል ካር ስላለ፣ ከኢንተርላከን ተነስቶ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ጊዜ ውስጥ እላይ መድረስ ይቻላል። እኛ የምንመርጠው ግን ስትወጡ በላውተርብሩነንና በቬንገን በኩል በባቡር ሄዳችሁ፣ 2,061 ሜትር ላይ ባለው ክላይነ ሻይዴክ ሻይ ጠጥታችሁ አረፍ ካላችሁ በኋላ እንድትቀጥሉ፣ ፈጣኑንም መንገድ ለመውረጃ እንድታስቀሩት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው 9.3 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው በአይገርና በመንሽ ተራሮች ውስጥ የተፈለፈለ ዋሻ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ባለሀብቱ አዶልፍ ጉየር ጼለር በ1899 ስለሞተ፣ በ1896 የተጀመረው ሥራ በ1912 ሲጠናቀቅ ለማየት አልታደለም። ባቡሩ አይስሜር በተባለው ጣቢያ ለጥቂት ደቂቃ ሲቆም፣ ሰዉ ወደ መስኮቶቹ እየሮጠ የበረዶውን መስክ ይመለከታል፤ እናንተ ግን በዝግታ ሂዱ።

ላይ ስትደርሱ በአሳንሰር ወደ ስፊንክስ መመልከቻ ሰገነት ውጡ፤ የአልፕስ ረጅሙ የበረዶ ግግር አሌች ከእግራችሁ ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ዋሻ ሆኖ የተጠረበው የበረዶ ቤተ መንግሥት ወለሉ ስለሚያዳልጥ እናትዎን ይደግፏቸው። ለእኛ ከሁሉም የሚበልጠው ሰገነቱ ስለሆነ፣ ድካም ከተሰማቸው ሌላው ቢቀር አይቆጭም።

የጉዞው ዕጣ የሚወሰነው በደመናው ነው። ቲኬቱ ያለ ቅናሽ ከ200 የስዊስ ፍራንክ በላይ ስለሚያወጣ (የግማሽ ዋጋ ካርድ ያለው ሰው ግማሹን ይከፍላል)፣ ነጭ ጉም ለማየት ይህን ያህል ማውጣት አይገባም። ስለዚህ ጠዋት ተነስታችሁ የተራራውን የቀጥታ ካሜራ ሥርጭት ተመልከቱ፤ የሚቻል ከሆነም ኢንተርላከን ሁለት ሌሊት እደሩ። በነሐሴ ተጓዡ ብዙ ነውና ትንበያው እንደተረጋገጠ መቀመጫ ያዙ፤ ከሰዓት በኋላ ደመና ስለሚበዛ የማለዳውን ባቡር ምረጡ።

በነሐሴም ቢሆን ላይ ብርዱ ዜሮ ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ጋቢ ነፋሱን አይችልም፤ ወፍራም ጃኬት፣ የማያዳልጥ ጫማና የፀሐይ መነጽር ያስፈልጋል። ወሩ ፍልሰታን ስለሚያካትት፣ እናትዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ የሚጾሙ ከሆነ ጉዞውን ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ ቢያደርጉት ይሻላል፤ ባዶ ሆድና የውኃ ጥም ከከፍታው ጋር ተደምረው ያደክማሉና። ጾሙ የምግብ ዓይነት ብቻ ከሆነ ግን ስንቅ መቋጠር ይበቃል። ለጀርመን የተሰጣቸው የሼንገን ቪዛ ጊዜው ካላለፈ ለስዊዘርላንድም ስለሚያገለግል ሌላ ቪዛ አያስፈልግም፤ ፓስፖርታቸውን ግን ይያዙ።