ፀሐይ ሳትወጣ የሚነሳው ሳቪትር፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ጥንቷ ህንድ የፀሐይ አማልክት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ዘነበ። የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ የፀሐይ አምላካቸው ሱርያ አይደለም እንዴ? ሳቪትር ደግሞ ከየት መጣ?

መልስ፦ ሱርያም ነው። ሪግቬዳ በሚባለው የጥንቷ ህንድ የመዝሙር መጽሐፍ ውስጥ ግን ፀሐይ በአንድ ስም አትጠራም። ሱርያ ማለት ዓይናችን የሚያያት ፀሐይ ናት። ሳቪትር ደግሞ የምትሠራው ሥራ ነው በሉት። ስሙ «መቀስቀስ፣ ማነሳሳት» ከሚል የሳንስክሪት ግሥ ይወጣል። ጠዋት የወርቅ እጆቹን ዘርግቶ ሰውንም ከብቱንም ያስነሳል። ማታ ደግሞ ሁሉን ወደ ማረፊያው ይመልሳል። በሁለተኛው መጽሐፍ 38ኛው መዝሙር ላይ መንገደኛው ጉዞውን ያቆማል፣ ሸማኔዋ የዘረጋችውን ድር ትጠቀልላለች፣ ባለሙያው ሥራውን ከመሃል ጥሎ ይነሳል። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው፤ የሰፈር ምሽት ይመስላል።

ጥያቄ፦ እጁ ለምን የወርቅ ሆነ?

መልስ፦ ጨረሩ ነው ብሎ መገመት አይከብድም። በኋላ የመጡት የካህናት ጽሑፎች፣ ብራህማናዎቹ፣ ግን ሌላ ያወራሉ። ከመሥዋዕቱ አንድ አደገኛ ድርሻ ሲቀበል እጆቹ ተቆረጡ፤ በምትኩ የወርቅ ተሠራለት። በዚያው ድርሻ ፑሻን ጥርሱን አጣ።

ጥያቄ፦ ፑሻን ደግሞ ማነው?

መልስ፦ እሱም የፀሐይ ወገን ነው። መንገደኛ ይጠብቃል፣ የጠፋ ከብት ያገኛል። ሠረገላውን የሚጎትቱት ፍየሎች ናቸው! የሚበላው ካራምብሃ የሚባል የእህል ዱቄት ድብልቅ ነው፤ ከኛ በሶ ብዙም አይርቅም። ጥርስ ለሌለው ሌላ ምን ይቀርብለታል?

ጥያቄ፦ ጋያትሪ ማንትራ የፀሐይ ጸሎት ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ለሳቪትር የተባለ ነው፤ ሪግቬዳ 3፥62፥10። ሐሳቡ ባጭሩ «የሳቪትርን ድንቅ ብርሃን እናስብ፤ እሱም አእምሯችንን ያነሳሳ» ነው። ቀስቃሹን አእምሮዬንም ቀስቅስልኝ እንደማለት። ቤቱ ባለ 8 ቀለም (ማለትም 8 የድምፅ ክፍል) 3 ስንኝ፣ በድምሩ 24 ቀለም ነው። የመጀመሪያውን ስንኝ ብትቆጥሩት ግን 7 ይሆንባችኋል። «ቫሬንያም» የሚለውን «ቫሬኒያም» ብላችሁ ስታነቡት ይሞላል።

ጥያቄ፦ ሰባቱ ፈረሶችስ?

መልስ፦ እነሱ የሱርያን ሠረገላ የሚጎትቱ ናቸው። በህንድ ኦዲሻ ግዛት ያለው የሱርያ ቤተ መቅደስ ኮናርክ፣ ንጉሥ ናራሲምሃዴቫ ቀዳማዊ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው፣ እንዳለ በፈረስ የሚጎተት የድንጋይ ሠረገላ ነው፤ 24 መንኮራኩር አለው።

ጥያቄ፦ ሳቪትርን ዛሬ የሚያስታውሰው አለ?

መልስ፦ ገና ጎህ ሲቀድ ጋያትሪን የሚደግም ሁሉ።